የንፋስ መውጫው አስተጋቢ

ፍሥሐ ወልደ ሩፋኤልን ፈልጎ ንፋስ መውጫ የገባ ሰው ብዙ መንከራተት አያስፈልገውም ነበር። ባጃጅ ነጂው "የሳጥኑ ሰውዬ?" ይለውና ይዞት ወደ እኛ ትምህርት ቤት ግቢ ይመጣል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን፣ ድሮ ጠመኔና የተሰበረ ዴስክ ይታጎርባት የነበረች አንዲት ክፍል አለች። የብረት በሯ በሁለት ቁልፍ ይቆለፋል። ፍሥሐ እዚያ ውስጥ ነው። ቅዳሜም እዚያ ነው፤ በዓል ሲሆንም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ አባቱ ቤት እህል ቀምሶ፣ ተመልሶ እዚያው ነው። ያገባት ሴት እህቴ ስለሆነች ስለ እሱ ስጽፍ ሚዛኔ ትክክል ነው አልልም። ሰውየውን እወደዋለሁ። ስለ እሱ ሳወራ ግን ደሜ ይፈላል፤ እንዳመጣጡ እጽፈዋለሁ።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ድጓቸውን እዚሁ ጋይንት፣ የድጓ ምስክር ከሚሰጥባት ከቤተልሔም ወርደው ያስመሰከሩ፣ በጋይንት አንቱ የተባሉ መምህር ናቸው። ፍሥሐም በልጅነቱ ጾመ ድጓ ጀምሮ፣ ድምፁም ደኅና ነው ተብሎለት ነበር። ኋላ ግን ልቡ ወደ ሽቦ ሄደ። የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታ፣ ግማሹንም እየገጠመ አደገ። ባሕር ዳር ቴክኒክ ተምሮ ሲመለስ "አገናኝ" የሚባል ፕሮጀክት ቀጠረው። አገናኝ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉትን ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በኮምፒውተር መረብ ለማያያዝ የተነሣ ነው። ዋና ቢሮው ባሕር ዳር ሲሆን አለቃው ኢንጂነር ዮሐንስ የሚባል፣ ቃሉ ለስላሳ፣ ቀጠሮው ግን ረጅም ሰው ነው። ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነበር።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ስለ መረብ የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። በየጣቢያው ራውተር የሚሉት ሳጥን ይቀመጣል። ሥራው መልእክት በየት በኩል ቢሄድ እንደሚደርስ መወሰን ነው። ሳጥኖቹ ደግሞ ቢጂፒ በሚባል ቋንቋ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። አንዱ "የወገዳ ጤና ጣቢያ በእኔ በኩል ይደረሳል" ይላል፤ ሌላው ሰምቶ ይይዛል። መንገዱ ሲቆረጥ ደግሞ "ተዉት፣ በእኔ በኩል አይደረስም" ይላል። ታዲያ አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሳጥኖች ከአንዱ የሰሙትን ለሌላው አያወሩም። ወሬው ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ባለቤቱን እንዳያታልል ነው አለኝ።

"እንዲህ ያለ ጎረቤት ለንፋስ መውጫ ቢሰጣት እንዴት ደግ ነበር!" ብዬ ሳቅሁ።

"አንተ ሳቅ" አለኝ። "እኔን ግን ይህ ሕግ ሊገድለኝ ነው።"

ወሬ ስለማይተላለፍ ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ መነጋገር ነበረበት። ጣቢያዎቹ ስድስት ሳሉ ይህ ችግር አልነበረም። አርባ ሲያልፉ ግን አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ለመጨመር አርባውንም ሳጥን አንድ በአንድ ከፍቶ "አዲስ ጎረቤት መጥቷልና ተዋወቁ" ብሎ መጻፍ ግድ ሆነ። ከርቀት አልከፈትም ያለ ሳጥን ካለ ደግሞ እግሩ ድረስ መሄድ ነው። የወገዳ መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ፍሥሐ በጭቃ ሱሪ ተመልሶ ሳይታጠብ እንቅልፍ ሲወስደው እህቴ ጫማውን ስታወልቅለት በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ጨርሶ ሲመለስ ፕሮጀክቱ ሦስት አዲስ ጣቢያ ያጸድቃል።

እህቴ ሕሊና ያኔ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ኤደንን ወልዳ፣ ልጅቷም ክርስትና ተነሥታ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ተቀጠረች። ለመሄድ አመንትታ ነበር። ኢንጂነር ዮሐንስ ግን ለፍሥሐ "ዋናው ቢሮ ቦታህ ተጠብቋል፤ መረቡ ይርጋ እንጂ ትመጣለህ" ብሎት ነበርና ሕፃኗን ይዛ ቀድማ ሄደች። አውቶቡስ ተራ የሸኘናት እኔና እሱ ነን። "ዓመት ቢሆን ነው" አለኝ ፍሥሐ እጁን እያውለበለበ። እኔም አመንኩት፤ ያን ጊዜ የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም።

መረቡ ግን መርጋትን ምን ያውቃል። አደገ። እሷ በሄደች በሁለተኛው ዓመት ፍሥሐ ባሕር ዳር ሥልጠና ሄዶ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ለትልቅ መረብ የሚሆን መላ አለ። አንዱ ሳጥን አስተጋቢ ይደረጋል። እሱ ብቻ ያን ሕግ እንዲተላለፍ ይፈቀድለታል፤ ሁሉም የሚያውቁትን ለእሱ ይነግራሉ፤ እሱ ለሁሉም ያስተጋባል። አዲስ ጣቢያ ሲመጣ ከአስተጋቢው ጋር ብቻ መተዋወቅ ይበቃዋል።

በማግሥቱ አባቱ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ፍሥሐ እንጀራውን ትቶ በእጁ አየር ላይ እየሣለ ለአባቱ ያስረዳል።

"አባባ፣ የድጓ መምህር ሁሉ ከሌላው መምህር ጋር እየተገናኘ ዜማውን ያስተካክላል እንዴ? ማን ችሎት! ሁሉም ቤተልሔም ይወርዳል፤ ከምስክሩ ጋር አስተካክሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጎጃም ያለውና ሸዋ ያለው ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ያዜማሉ። የእኔም እንዲሁ ነው። ንፋስ መውጫን ቤተልሔም አደርጋታለሁ።"

መሪጌታ በጣም ደስ አላቸው። ልጃቸው ድጓውን ትቶ ከወጣ ወዲህ ስለ ሥራው አንድ ነገር ሲገባቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

"ታዲያ የእኛ ሳጥን ቢበላሽስ?" አልሁ እኔ።

"ሥልጠናው ላይ አስተጋቢ ሁለት ይሁን ብለዋል" አለ ፍሥሐ፣ ነገሩን እንደ ዝንብ በእጁ እያባረረ። "እነሱ ድጓ አያውቁም። ምስክር ሁለት ከሆነ አንዱ እንዲህ ነው፣ ሌላው እንዲያ ነው ሲል ዜማው ይፈርሳል። ምስክር አንድ ነው።"

"እውነት ብሏል" አሉ መሪጌታ። "ቤተልሔም አንድ ናት። እሰይ ልጄ! እንግዲህ ወንበር ተክለሃል። ወንበር የተከለ መምህር ደግሞ አገር ለአገር አይንከራተትም፤ ተማሪው ወደ እሱ ይመጣል እንጂ።"

ሽማግሌው ልጃቸው ከአጠገባቸው እንዲቀር ፈልገው ነው፤ አልፈርድባቸውም፤ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ፍሥሐ ግን ጎንበስ ብሎ ምርቃቱን ተቀበለ። ባሕር ዳር ሚስት እንዳለችው በዚያ ገበታ ላይ ያስታወሰ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መላው ሠራ። ይህን መካድ አይቻልም። ድሮ አንድ ሳምንት የሚፈጀው ሥራ ግማሽ ቀን ሆነ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላኩ እናቶች ወሬ ከመኪናው ቀድሞ መድረስ ጀመረ። ኢንጂነር ዮሐንስ በየስብሰባው ያመሰግነዋል። ዝውውሩን ሲጠይቀው ግን "አንተ ተነሥተህ ማን ይይዘዋል? ትንሽ ይርጋ" ይለዋል። ምን ይበል? መላ መረቡ በአንድ ሳጥን አፍ ይናገራል፤ የዚያን ሳጥን ጠባይ የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ነው።

ቀጥሎ የመጣው የዋለ ነገር ነው። ዋለ የወገዳው ቴክኒሻን፣ ትሑትና ችኩል ሰው ነው። የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ በተጧጧፈበት ሳምንት አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ሲጨምር ተሳስቶ ሳጥኑን "የትም የሚሄድ ሁሉ በእኔ በኩል ይደረሳል" አሰኘው። አስተጋቢ ደግሞ የነገሩትን ያስተጋባል እንጂ እውነቱን አይመረምርም። ሦስቱ ወረዳ ሙሉ መልእክታቸውን ሁሉ በወገዳ ቀጭን መስመር ላይ ጫኑት። ምዝገባው ቆመ፤ ርእሰ መምህራን ሁሉ ስልክ አነሡ። ፍሥሐ ከቀትር እስከ ማታ እዚያች ክፍል ውስጥ ላቡን እየጠረገ ነገሩን አስተካከለ።

ኢንጂነር ዮሐንስ ማጣሪያ እንዲሠራ አዘዘው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ብቻ እንጂ የሌላውን መንገድ እንዳይናገር የሚያደርግ ማለት ነው። ሠራ፤ ደግ አደረገ። ግን በዚያ አላበቃም። የየጣቢያውን ቴክኒሻን የይለፍ ቃል ሁሉ ሻረ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ምንም ነገር መንካት ቢፈልግ ለፍሥሐ መደወል አለበት። "በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አልሁት በዚያው ቀን። "አንተ ምን አለብህ" አለኝ፣ "ሲወድቅ የሚሰደበው ስሜ ነው።"

ከዚያ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ። ባሕር ዳር ለሁለት ቀን ሲሄድ እንኳ አይሆንለትም ነበር። ሕሊና እንደነገረችኝ፣ አንድ ፋሲካ ልጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ሐይቁ ዳር ሲያዞራት ከእስቴ ተደወለ፤ አወረዳትና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐዩ እስኪበርድ በስልክ ሲያዝ ዋለ። ልጅቷ አጠገቡ ጠጠር ስትለቅም ዋለች። በበነጋው ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ወደ ንፋስ መውጫ ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ነጎደ፤ ከዚያም ሌላ።

በ2005 ግንቦት ላይ ሕሊና ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ሆኖብኝ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ አለፍኩ! ጎንደር፣ ማስተርስ!"

የሆስፒታሉ ሠራተኞች ለአንድ ቦታ ተወዳድረው እሷ አንደኛ ወጥታለች። ደመወዟ ሳይቋረጥ ሁለት ዓመት ተምራ ትመለሳለች። ምዝገባው በጥቅምት ነው፤ ባትሄድ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል እንጂ አይቆይላትም። ጭንቋ ኤደን ነበረች። እናታችን ዐርፋለች፤ ልጅቷን ለሠራተኛ ትቶ መሄድ አልሆነላትም። ፍሥሐ ባሕር ዳር ከመጣ ግን ሁሉም ነገር ይሆናል፤ እሱ ልጁን ይዞ ይሠራል፣ እሷ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች።

"ነግረሽዋል?" አልኋት።

"ነገርኩት። 'በእርግጥ እመጣለሁ' አለኝ። የሱ ነገር ላም አለኝ በሰማይ እየሆነብኝ ነው እንጂ።"

ይህን ጊዜ ኢንጂነር ዮሐንስም ጨከነ፤ ወይም ራራ፤ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛ አስተጋቢ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ እንዲቆም ወሰነ። ከዚያ ፍሥሐ የራሱን ሳጥን አንድ የሥራ ቀን አጥፍቶ ይሞክራል፤ መረቡ ሳይወድቅ ከዋለ በማግሥቱ ባሕር ዳር ይግባ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት! የእስቴዋ ቴክኒሻን ዓለሚቱ ትባላለች። ሙያውን ያስተማራት ፍሥሐ ራሱ ነው። ከመካነ ኢየሱስ እየተመላለሰች እዚያች ክፍል ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትማር አውቃታለሁ። ድምፅዋ የማይሰማ፣ ያዩትን የማትረሳ ሴት ናት። ሁለተኛውን ሳጥን በሰኔ አቆመችው፤ ለዚሁ ሥራ ሲባል ኢንጂነሩ የሁሉንም ጣቢያ የይለፍ ቃል ሰጣት። ፍሥሐ በዚህ ጥቂት ቀን አኩርፎ ነበር።

የቀረው ማጥፋት ብቻ ነው። አንድ ቁልፍ መጫን።

በሐምሌ አላጠፋም፤ የፈተና ውጤት ሊመጣ ነው አለ። በነሐሴ ፍልሰታ ገባ፤ ከፍልሰታው ጋር ዝናቡ በረታ፤ ፀሐይ ጠፍታ በሶላር የሚሞሉት የክፍሏ ባትሪዎች ደከሙ። ሳጥኑ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይጠፋል፣ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ያለውን መንገድ ሁሉ እንደገና ከየጣቢያው ሰምቶ እንደገና ያስተጋባል፤ እስኪጨርስ የሦስቱ ወረዳ መረብ ይንገዳገዳል። ፍሥሐ አዲስ ባትሪ ከደብረ ታቦር አስመጣ። ከዚያ ወዲህ መረቡ ጸጥ አለ። ከየትም ስሞታ የለም። "አየህ ባትሪ ማለት?" እያለ ለእኔም፣ ለዓለሚቱም፣ ለባሕር ዳርም ያወራል። "እንግዲያ አሁን አጥፋው" ስለው "እንዴ፣ ገና አሁን ረግቶልኝ!" ይለኛል።

መስከረም ሲጠባ የተማሪ ምዝገባ መጣ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። በሩ ላይ ቆሜ ጮኽሁበት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ ሰምተውኛል።

"አጥፋውና ሂድ! ሕሊና የምትጠብቀው አንተን ነው!"

"ቢወድቅስ?"

"ቢወድቅ መልሰህ ታበራዋለህ!"

"መልሼ እስካበራው አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ከስማዳ መምጣቷን ሆስፒታሉ ሳይሰማ ቢቀርስ? አንተ ነህ የምትጠየቀው?"

ፊቱን ሳየው ጥጋብ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ቁልፎቹን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሯቸው ነበር፤ እያወራኝ በጣቱ ይዳብሳቸዋል። ሄጄ ልነጥቀው አሰብኩ። ደግሞ አዘንኩለት፤ የሰው ልጅ በገዛ እጁ በቆለፈው ቤት ውስጥ እንዲህ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ተናድጄም አዝኜም ወደ ክፍል ገባሁ፤ ስለ አሲድ ሳስተምር በሌላ ጊዜ የማልሰጠውን ቁጣ ለልጆቹ ሰጠኋቸው።

መስቀል አለፈ። ጥቅምት ገባ። ሕሊና መደወሏን አቆመች። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጥተው ወደየክፍላቸው ሲገቡ፣ ፍሥሐ መምህራን ክፍል ድረስ መጣ። ጺሙን ተላጭቷል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

"ና" አለኝ። "ዛሬ አጠፋዋለሁ። ብቻዬን አልችልም።"

አብሬው ገባሁ። ሁለቱን ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አማተበ። ከዚያ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ፤ ተጫነው። የሳጥኑ ማራገቢያ ቀስ እያለ ዝም አለ። ያቺ ክፍል እንዲህ ጸጥ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ውጭ ያለው ንፋስ ሁሉ ገብቶ ተሰማኝ። ስልኮቹን እያየን ተቀመጥን። ሻይ አስመጣሁ፤ አልጠጣም። አንዱ ስልክ ሲጮኽ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። መሪጌታ ነበሩ፤ ለምሳ ይመጣ እንደሆነ ሊጠይቁት ነው።

ከእሳቸው በቀር የደወለ የለም። ረፋዱ አለፈ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ልጆች ሄጄ ጠየቅሁ፤ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል። ጤና ጣቢያ ደወልኩ፤ ምንም የተለየ ነገር የለም። ፍሥሐ ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈታ ጀመር። በመጨረሻ ሳቀ። ለዓመታት ያላየሁት ሳቅ ነው። አቅፎኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረገ።

"በመጀመሪያው ሙከራ! አንድም ጣቢያ ሳይሰማው! ዓለሚቱን ላመስግናት።"

ደወለ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ዓለሚቱ፣ እግዜር ይስጥሽ! አጠፋሁት እኮ! አንድም ሰው ሳያውቅ አንቺው ተሸከምሽው!"

ድምፅዋ ዝግ ብሎ መጣ።

"ጋሼ… ዛሬ ነው እንዴ ያጠፉት?"

"አሁን፣ ጠዋት!"

"ጋሼ፣ እኔ'ኮ… በነሐሴ ያ ባትሪ ያስቸገረ ጊዜ ጤና ጣቢያዎቹ ለእኔ ሲያለቅሱ፣ ሁሉም ጣቢያ የእኔን እንዲያስቀድም አደረግሁት። አንቱንም ይሰሙ ነበር፤ ሳጥንዎ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ መብራቱም አረንጓዴ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ የሚይዙት የእኔን ነው።"

ፍሥሐ ስልኩን እያየ ቆመ።

"ከነሐሴ ጀምሮ?"

"ከፍልሰታ ወዲህ።"

"ጸጥ ያለው በባትሪው አይደለም?"

"አይደለም ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ዓለሚቱ?"

"ምን ብዬ? ያስተማሩኝ አንቱ። 'መምህሬ፣ የሚሉትን የሚይዝ የለም' የሚል ቃል ከየት ላምጣ? በየሳምንቱ ደውለው 'ባትሪው አረጋው' ሲሉኝ ደስታዎን እሰማለሁ። ከአንዱ ጣቢያ ገብተው ቢያዩ ይታያል፤ አንድ ቀን ራስዎ ያዩታል ብዬ ተውሁት። ለኢንጂነሩም ያልተናገርሁት ከአንቱ ቀድመው ከእኔ አፍ እንዳይሰሙ ብዬ ነው። አጠፋሁ እንዴ?"

"አላጠፋሽም" አላት። ጥሩ ሠራሽ አላትና ስልኩን ዘጋ።

እኔ ዓለሚቱን ልቆጣት ፈለግሁ፤ አቃተኝ። እኔስ ለመምህሬ እንዲያ እል ነበር? በአገራችን ማን ይላል! ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይህ ሰው በየንጋቱ ተነሥቶ ሁለት ቁልፍ ከፍቶ ሲጠብቅ የኖረው ማንም የማይከተለውን ሳጥን ነው። በነሐሴ ቢያውቅ በነሐሴ ይሄድ ነበር። ይህን እኔ ሳልናገር እሱም አስቦታል፤ ምክንያቱም ወዲያው ለሕሊና ደወለ።

"ሕሊና፣ ጨረስኩ። እመጣለሁ። ቅዳሜ። ለዘለቄታው" አላት።

"እሰይ" አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

"ምዝገባው እስከ መቼ ነው?"

"ባለፈው ሐሙስ ቦታው ለብርቱካን ተሰጠ። የሥራ ባልደረባዬ ናት። እንኳን ደስ ያለሽ ብያታለሁ።" ከኋላዋ የበሽተኛ ተራ የሚጠራ ድምፅ ይሰማል። "እሷም ልጅ አላት፤ ባሏ ግን እዚሁ ነው። ሥራ ላይ ነኝ ፍሥሐ፣ ቻው።"

ስልኩን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ላጽናናው ይገባኝ ነበር። አላጽናናሁትም። ብቻ ቁልፎቹን ከአንገቱ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣቸው አየሁት፤ ማተቡ ብቻውን ቀረ።

ቅዳሜ አብረን ተሳፈርን፤ ፍራሹና አንድ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ተጭነዋል። መሪጌታ ሊሸኙን አውቶቡስ ተራ መጥተው ነበር፤ "ወንበሩን ለማን ተውክ?" አሉት። "ለዓለሚቱ" አላቸው። መስቀላቸውን አሳለሙት። እስከ ወረታ ድረስ ከመስኮቱ ውጭ የደረሰውን ጤፍ ስመለከት ቆየሁ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሕሊና ለከሰዓት ተራዋ ልትወጣ እየተዘጋጀች ነበር። ሳመችው። ፍራሹን የት እንደሚያስቀምጥ አሳየችው፤ ለእኔም ምሳ አቀረበች። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። እሱ ግን ቆሞ ማስረዳት ጀመረ፤ ባትሪው እንዲህ ሆኖ፣ ዓለሚቱ እንዲህ አድርጋ፣ መብራቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ፣ እኔ እንዴት ላውቅ እያለ።

"ፍሥሐ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ኤደን ከጓሮ ሮጣ ገባች። ዐምስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ቁመቷ ከመቼው እንዲህ እንደተመዘዘ አላውቅም። እሱን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ተንበርክኮ እጁን ዘረጋላት፤ መጥታ አንገቱን አቀፈችው። ቀጥላ ወደ ሻንጣው አየች፤ ቀጥላ ወደ ፍራሹ።

"መቼ ነው የምትሄደው?" አለችው።

"አልሄድም። ከእንግዲህ እዚሁ ነኝ፣ ከአንቺ ጋር።"

ልጅቷ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ እናቷን አየች።

"እማዬ፣ እውነቱን ነው?"

ሕሊና የነጭ ጋውኗን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር። ወደ ባሏ አላየችም፤ ወደ እኔም አላየችም።

"ሰኞ እናያለን፣ የኔ ልጅ" አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።